በጎማው ምትክ የገባው ብረት

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ተሰማ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ወሬ ታበዣለሽ?»

«አላበዛም» አልኩ።

«ደግ» አሉና መጥረጊያ ሰጡኝ።

ሥራ ቤቱ ከአስኮ ወደ ሳንሱሲ በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ኮንቴይነር ነው። ከፊቱ የግንድ ክምር አለ። ጋሽ ተሰማ በሞተር መጋዝ ዛፍ ይቆርጣሉ፤ የሌሎች ቆራጮችን መጋዝም ይጠግናሉ። ያስቀጠሩኝ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ናቸው፤ ከእናቴ ጋር አንድ ዕድር ውስጥ ናቸው። እኔ ከስድስተኛ ክፍል ካቋረጥኩ ወዲህ ሌላ ቦታ ሞክሬ ነበር። መጀመሪያ ሱቅ ገባሁ። ደንበኛ ሲመጣ ከመደርደሪያው ኋላ ስለምሸሽ ባለቤቱ አሰናበተኝ። ቀጥሎ ምግብ ቤት ገባሁ። የታዘዘውን ወደ ወጥ ቤት ጮክ ብዬ መጥራት ነበረብኝ። አልጮኽኩም። ጥብስ ያዘዘ ሰው ሽሮ በላ።

የሞተር መጋዝ ሥራ እንደ እኔ ላለ ሰው እንደሚመች የገባኝ በዚያው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሞተሩ ሲነሳ ማንም አያናግርም፤ መልስም አይጠብቅም። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ሁሉም ደክሞታል።

የዚያን ቀን ሥራዬ ሰጋቱራ መጥረግ ነበር። ሰብስቤ ልደፋው ስል ጋሽ ተሰማ አስቆሙኝ። እፍኝ ሙሉ አንስተው መዳፌ ላይ አደረጉት።

«ምን ይመስላል?»

«ዱቄት።»

«ዱቄት ከሆነ የሰንሰለቱ ስለት ሞቷል ማለት ነው። ስል ሰንሰለት እንጨቱን እየፈለፈለ ያወጣዋል እንጂ አይፈጨውም። እኛ ወፍጮ ቤት አይደለንም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰጋቱራ ሳላይ ደፍቼ አላውቅም።

ቀስ በቀስ ሞረድ ያዝኩ። የመጋዙ ሰንሰለት ጥርሶች ግማሾቹ ወደ ቀኝ፣ ግማሾቹ ወደ ግራ ያጋደሉ ናቸው። በክብ ሞረድ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ ይሞረዳሉ። ሞረዱ ሲመለስ ጥርሱን መንካት የለበትም። አንዱ የተሞረደውን ያህል ሌላውም መሞረድ አለበት። አንዱ ወገን ካጠረ መጋዙ እንደ ሰካራም ወደ ጎን እየሄደ ይቆርጣል። ጋሽ ተሰማ እጄን አይተው «ይቺ ልጅ አትቸኩልም» አሉ። ሙገሳ ይሁን ወቀሳ አላወቅሁም። ከዚያ በኋላ ግን ሰንሰለት ሁሉ ወደ እኔ መጣ።

ሰንሰለቱ የሚሮጥበትን ረጅም ብረት ምላስ እንለዋለን። የምላሱ ቦይ በየቀኑ ከቆሻሻ ይጠረጋል፤ ምላሱም በየጊዜው ይገለበጣል፣ በአንድ በኩል ብቻ እንዳያልቅ። የአየር ማጣሪያው በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጸዳል። ካንዴላው ተፈትቶ ይታያል። ቤንዚን ታንከሩ ውስጥ እንዳለ ብዙ ቀን አይቀመጥም።

ቤንዚኑ ውስጥ የሚገባው ዘይት በልክ ነው። ጋሽ ተሰማ የሚለኩት በሕፃን ጡጦ ነው፤ መስመር ስላለው። ሌሎች ቆራጮች በግምት ያፈሳሉ። «ትንሽ ጨመር አድርግላት፣ ትጥገብ» ይላሉ። የጠገበች መጋዝ ታጨሳለች፤ ካንዴላዋም ይጠቁራል። የተራበች መጋዝ ደግሞ ፒስቶኗ ተፍቆ ትሞታለች። ሁለቱም ዓይነት ወደ እኛ ይመጡ ነበር።

ከሁሉም መጋዞች ጋሽ ተሰማ የሚመኩት በትልቋ ነው። አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሲዘጋ ዕቃውን በጨረታ ሲሸጥ የገዟት ናት። ለቤት ሳይሆን ለጫካ ሥራ የተሠራች ነች። ከገበያ የሚገዛ ርካሽ መጋዝ አንደኛውን ክረምት ይሠራል፤ በሁለተኛው ክረምት እኛ ዘንድ ይመጣል፤ በሦስተኛው የዶሮ ቤት ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ዝናብ ይመታዋል። ትልቋ ግን ስትፈታ ብሎኗ አይላሽም፤ ስትገጠም አትንገጫገጭም። ሰንሰለት ስንቱን ጨርሳለች። ምላስ ቀይራለች። ፒስቶኗ ግን ያው ከአገሯ ይዛው የመጣችው ነው።

ቆራጮች ሊያዩዋት ይመጡ ነበር።

«ይቺ ናት ጋሼ?»

«ይቺ ናት።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«የበኩር ልጄን ትበልጠዋለች። ትታዘዛለችም፣ እንደሱ አይደለችም።»

አንድ ጊዜ ሳንሱሲ አንዲት ወይዘሮ ግቢ ውስጥ ያለ ባህር ዛፍ ልንቆርጥ ሄድን። ዛፉ ሁለት ሰው ተያይዞ የሚያቅፈው ዓይነት ነው፤ ወደ ቤታቸው ማዘንበል ጀምሮ ነበር። ጋሽ ተሰማ ከመጀመራቸው በፊት ሁልጊዜ የሚጠይቁትን ጠየቁ።

«እትዬ፣ ሚስማር አለበት?»

«ምን ሚስማር? እኔ ራሴ የተከልኩት ዛፍ!»

መጋዟ ትንሽ እንደገባች የእሳት ፍንጣሪ በተነች። ጋሽ ተሰማ ሞተሩን አጠፉና በፒንሳ ጎትተው ጣት የሚያህል ሚስማር አወጡ።

«ይሄስ ምንድነው?»

ወይዘሮዋ ሚስማሩን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። «ውይ፣ ይሄማ የመስፍን ሠርግ ነው። ድንኳኑ የታሰረበት።»

በሌላ በኩል ጀመሩ። ፍንጣሪ።

«ይሄኛውስ?»

«የአባባ ተዝካር። እግዜር ነፍሱን ይማረው።»

ሦስተኛውን ሲያወጡ ወይዘሮዋ ብዙ አሰቡ። «ይሄንን አላውቀውም። ጎረቤት ያሰረው ይሆናል።»

ጋሽ ተሰማ ላባቸውን ጠረጉ። «እትዬ፣ ያልተዳረበትና ያልተለቀሰበት ጎን ካለ ያሳዩኝ፤ በዚያ በኩል ልቁረጥ።»

አልነበረም። የሰፈሩ ድንኳን ሁሉ የሚወጠረው በዚያ ዛፍ ነበር። ያን ቀን የያዝነውን ሰንሰለት ሁሉ ጨረስን። መጨረሻ ላይ ግንዱ መጋዟን ነክሶ ያዛት። ጋሽ ተሰማ እጀታዋን ይዘው ወዲያና ወዲህ እየናጡ ጎትተው አወጧት። ዛፉ ወደቀ፤ ቤቱ ተረፈ። ስንመለስ ግን የመጋዟ እጀታ እንደ ላላ ጥርስ ይወዛወዝ ነበር።

ፈትተን አየናት። የመጋዝ እጀታና ሞተር በቀጥታ አይነካኩም። በመካከላቸው አውራ ጣት የሚያህሉ ወፋፍራም ጎማዎች አሉ። የተቀደዱት እነሱ ናቸው። ጎማዎቹ ለምን እንደተቀመጡ እስከዚያ ቀን ጠይቀን አናውቅም። ያየናቸውም እጀታውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙ ዕቃዎች አድርገን ነው።

ጋሽ ተሰማ መርካቶን ዞሩ። አንድ ዕቃ ሻጭ የዚች ዓይነት መጋዝ መለዋወጫ መምጣት ከቀረ ቆየ፣ ከውጭ ሊታዘዝ ይችላል፣ ግን ጊዜ ይወስዳል አላቸው። ቀጠሮ የያዝንላቸው ሰዎች ደግሞ በየቀኑ ይደውላሉ። ስለዚህ መጋዟን ተሸክመን ቶርኖ ቤት ሄድን።

ባለ ቶርኖው ሙክታር ይባላል። እሱ የማይቀርጸው ብረት የለም። የተቀደደውን ጎማ በሁለት ጣቱ ይዞ አየና ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

«ጋሼ፣ ጎማ ምን ጊዜም ይቀደዳል። ለምን ብረት አልሠራልዎትም?»

«ብረቱስ አይቀደድም?»

«የኔ ብረት? እርስዎ ይቀደዳሉ እንጂ እሱ አይቀደድም።»

ሁላችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ሙክታር በጎማዎቹ ልክ ብረት ቀረጸ፤ አስገብቶ አጠበቀው። እጀታውና ሞተሩ አንድ አካል ሆኑ። ጋሽ ተሰማ ያዝ አድርገው ወዘወዟት፤ ንቅንቅ የለም። በሚቀጥለው ቀን ስንቆርጥ መጋዟ ከበፊቱ የተሻለች መሰለች። ያሏት ቦታ ትገባለች፤ አታጋድልም። ወሬው ፈጥኖ ሄደ። ከአስኮ እስከ ዓለም ባንክ ያሉ ቆራጮች የተቀደደውንም ያልተቀደደውንም ጎማ እያስወጡ ብረት አስገቡ። ሙክታር ትርፍ እያዘጋጀ ማስቀመጥ ጀመረ። ጋሽ ተሰማ ዘዴው የሳቸው እንደሆነ ለሰው ይናገሩ ነበር፤ ሙክታርም የሱ እንደሆነ ይናገር ነበር። በዚህ ትንሽ ተኮራርፈዋል።

በተከታዩ ክረምት የጋሽ ተሰማ ጣቶች መንጣት ጀመሩ።

ጠዋት ጠዋት ነው። ሌባ ጣታቸውና መሐል ጣታቸው ከጫፍ እስከ መሐል እንደተላጠ ድንች ይነጣሉ። ትንሽ ቆይተው ይቀላሉ፤ ያን ጊዜ ያቃጥላቸዋል። እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ይቆማሉ። «የአስኮ ብርድ ነው፣ ከእንጦጦ የሚወርደው» ይላሉ። ብርዱ እኔም ላይ ይወርድ ነበር። የኔ ጣት ግን አልነጣም።

ቀጥሎ ዕቃ ይወድቅባቸው ጀመር። ካቻቢቴ ያዝኩ ብለው ሲያነሱ መሬት ላይ ነው። ብሎን ከጠረጴዛ ላይ ማንሳት አቃታቸው፤ እየገፉ ጠርዝ ያደርሱትና በመዳፋቸው ይቀበሉታል። እያየሁ አላየሁም። ብሎኑን ቀድሜ አነሳና አጠገባቸው አስቀምጥ ነበር፤ ዞር ሲሉ።

ለዛፍ ቆራጭ ጣት ምን እንደሆነ እዚህ መናገር አለብኝ። ቤንዚን የሚሰጠው ምላጭ የሚሳበው በሌባ ጣት ነው። ሲሳብ ሰንሰለቱ ይሮጣል፤ ሲለቀቅ ይቆማል። ጣቱ መያዙንና መልቀቁን የማያውቅ ሰው መጋዝ መያዝ የለበትም። ጋሽ ተሰማ ግን ሌላ ሥራ የላቸውም። ልጆቻቸው አሁንም ትምህርት ላይ ናቸው። እኔም ሌላ ሥራ የለኝም።

እትዬ አልማዝ ጸበል አስጠመቋቸው። የሱፍ ጓንት ገዙላቸው። ጣታቸውን በለጋ ቅቤ አሹላቸው፤ በዚያ ሳምንት የነኩት ሞረድ ሁሉ ከእጄ ያዳልጥ ነበር። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። ሐኪሙ «ሥራዎ ምንድነው?» ሲላቸው «ነጋዴ ነኝ» አሉ። ውሸት አይደለም፤ ግንድ ይሸጣሉ። እውነቱን ቢነግሩት ሥራ አቁም እንዳይላቸው ፈርተው ነው። ሐኪሙ ከቀዝቃዛ ውኃ ይራቁ አላቸው። እትዬ አልማዝ ሲነግሩኝ «እሱማ ከድሮም ከቀዝቃዛ ውኃ ርቆ ነው የኖረው» አሉ።

ክረምቱ ወጥቶ፣ ብርዱ ቀንሶም ጣቶቹ አልተመለሱም።

ዓለም ባንክ ወደሚገኝ አንድ ግቢ የሄድነው በዚያን ጊዜ ነው። ባለቤቱ አዲስ ቤት የሚሠራ አቶ ግርማ የሚባል ሰው ነው። ለአጥር ቅርብ የሆነ ዛፍ ነበር፤ ወደ ባዶው ቦታ መውደቅ አለበት። ዛፍ ሲጣል ግንዱ ተቆርጦ አያልቅም። ሳይቆረጥ የሚቀር ትንሽ እንጨት አለ፤ ዛፉ እንደ በር በሱ ላይ ታጥፎ ወደተፈለገበት ይወድቃል። እሱም ከተቆረጠ ዛፉ ወደፈለገው ይሄዳል።

ጋሽ ተሰማ እየቆረጡ እዚያ እንጨት ጋ ደረሱ። ማቆም አለባቸው። አላቆሙም። ፊታቸውን አየሁ፤ ያቆሙ ነው የመሰላቸው። ጣታቸው ግን ምላጩን እንደሳበ ነበር።

«ጋሼ! ይልቀቁት!»

እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። አጥር ላይ የነበሩ ሠራተኞች ዞር አሉ። ጋሽ ተሰማ ጣታቸውን አዩ፤ በግራ እጃቸው ከምላጩ ላይ አላቀቁት። ሰንሰለቱ ቆመ። ዛፉ ግን በጉቶው ላይ ዞረ። ሁለታችንም ወደ ኋላ ሸሸን። ወድቆ ያረፈው አዲሱ ሽንት ቤት ላይ ነው። ማንም አልነበረበትም።

አቶ ግርማ መጥቶ አየው። «ገና አልተጠቀምንበትም ነበር» አለ።

ሽንት ቤቱን መልሰን ሠራንለት። ጋሽ ተሰማ በታክሲ ስንመለስ አንድ ቃል ተናገሩ። ፌርማታ ላይ ስንወርድ «ጮኽሽ» አሉኝ። «አዎ» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ቀን ቤት ዋሉ። ኮንቴይነሩ ፊት ተቆራርጦ የሚሸጥ ግንድ ስለነበር ትልቋን መጋዝ እኔ ያዝኳት። መሬት ላይ የተኛ ግንድ መቆራረጥ ከባድ አይደለም፤ ከዚያ በፊትም በትንንሾቹ መጋዞች ሠርቼው አውቃለሁ። ከሰዓት ላይ ሳጠፋት እጄ አልጠፋም። ዝም ብሎ ይነዝራል። መዳፌን ጠረጴዛው ላይ ባደርግም ይነዝራል። ሻይ ስጠጣ ብርጭቆው ጥርሴ ላይ ተንጫጫ።

በማግስቱ አንድ ደንበኛ ርካሽ መጋዙን አስጠግኖ ስለነበር ልሞክርለት አስነሳኋት። ያቺ ትንሽ መጋዝ ምንም የሚያስመሰግን ነገር የላትም። ታጨሳለች፤ ድምጿም እንደ ተቆጣ በግ ነው። ግንድ ቆርጬ አጠፋኋት። እጄ ዝም አለ።

እንደገና ትልቋን ያዝኩ። ነዘረኝ። እንደገና ትንሿን። ዝም።

ሁለቱንም ፈታኋቸው። ትንሿ በእጀታዋና በሞተሯ መካከል ጎማዋ አለ። ትልቋ ጋ የሙክታር ብረት አለ። ጎማው ለምን እንደተቀመጠ ያን ጊዜ ገባኝ። የሞተሩን ንዝረት ራሱ እየዋጠ ከሰው እጅ የሚያስቀር እሱ ነው። እኛ አውጥተን ጣልነው፤ ንዝረቱ በጋሽ ተሰማ እጅ ላይ ሲያልፍ ከረመ።

ይህን ማወቅ ቀላል ነበር። መናገሩ ነው የከበደኝ። ጋሽ ተሰማ በዚያ ብረት ስም ያተረፉ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ ለታክሲ ረዳት እንኳ «ወራጅ አለ» ለማለት ከብዶኝ ፌርማታዬን የማልፍ ሰው ነኝ። መጥተው ሥራ እስኪጀምሩ ጠበቅሁ። እትዬ አልማዝም ምሳ ይዘው መጥተው ነበር። ሁለቱን መጋዞች ጉቶ ላይ አስቀምጬ አስነሳኋቸው።

«ጋሼ፣ ይቺን ይያዟት።»

ያዙ።

«አሁን ደግሞ ይቺን።»

ያዙ። ቆዩ። «ምን ልትዪኝ ነው?»

«ልዩነት የላቸውም?»

«ያው ናቸው» አሉ።

 እትዬ አልማዝ ሳህኑን አስቀመጡና «እስቲ» ብለው ቀረቡ። ትንሿን ያዝ አድርገው ለቀቁ። ትልቋን ያዙ፤ ወዲያው እጃቸውን አነሱ።

«ኧረ በማርያም! ይሄ ምንድነው? የንብ ቀፎ ነው እንዴ? ክንዴ ድረስ እኮ ነው የመጣው!»

ጋሽ ተሰማ መጋዟን አላዩም። እትዬ አልማዝን አዩ። ቀጥሎ የራሳቸውን እጅ አዩ። እንደገና ትልቋን ያዟት፤ አጥብቀው፣ በሁለት እጅ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ምንም አልተሰማቸውም።

«አጥፊያቸው» አሉኝ።

ምሳ አልበሉም። እትዬ አልማዝ ተቆጡ፣ ቀጥለው አለቀሱ፣ ቀጥለው ደግሞ ስለቀዘቀዘው ምግብ ተቆጡ። ጋሽ ተሰማ ግንድ ላይ ተቀመጡና «ብረቱን ማን አስገባው?» አሉ።

«ሙክታር» አልኩ።

«ያስገባሁት እኔ ነኝ» አሉ። ስለ ዘዴው ባለቤትነት ከሙክታር ጋር የነበራቸው ክርክር በዚህ አበቃ።

በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሟ «ሥራዎ ምንድነው?» ስትላቸው እትዬ አልማዝ ቀድመው መለሱ። ሐኪሟ ጣታቸውን በመርፌ ጫፍ እየነካች ዓይናቸውን አስጨፍና ጠየቀቻቸው። የነካችውን ብዙውን አላወቁም። የነርቭና የደም ሥር ጉዳት ነው አለች። ሥራውን ከተዉት ሊሻል ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል ብላ ግን ቃል አልገባችም። የሚነዝር መሣሪያ ከእንግዲህ እንዳይነኩ አዘዘች።

ጎማው ከውጭ ታዘዘ። እስኪመጣ ትልቋ ተሰቀለች። በትንንሾቹ መጋዞች ትንንሽ ሥራ ሠራን፤ ትልልቁ ሥራ ለሌላ ሰው ሄደ። ጎማው የመጣው ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ብረቱን ለማስወጣት ሙክታር ጋ ወሰድኳት፤ ብቻዬን።

ሙክታር ብረቱን አወጣና በጨርቅ ጠርጎ ወደ ብርሃን ያዘው። ጭረት እንኳ የለበትም።

«አላልኩም?» አለኝ። «ምን ሆነ ብላችሁ ነው የምታስወጡት?»

«እሱ ምንም አልሆነም» አልኩ። ከዚያ የጋሽ ተሰማን እጅ ነገርኩት። በሕይወቴ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም። ሙክታር ሰምቶ ሲያበቃ ትርፍ አድርጎ የቀረጻቸውን ብረቶች ከመደርደሪያው ላይ አውርዶ የቁርጥራጭ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው። ጎማውን ሲገጥምልኝ ዋጋ አልጠየቀም፤ እኔም ስንት ነው አላልኩትም።

ጋሽ ተሰማ ብረት ያስገቡትን ቆራጮች በየሥራ ቦታቸው እየሄዱ ነገሯቸው። ብዙ ጊዜ አብሬያቸው ነበርኩ። መናገር ለሳቸውም እንደ እኔ ከባድ ሆኖ አየሁት። እጃቸውን ዘርግተው ያሳያሉ፤ «ይህ የዘዴዬ ውጤት ነው» ይላሉ። አንዳንዶቹ በዚያው ቀን አስወጡ። አንድ ጎረምሳ ቆራጭ ግን ሳቀ።

«ጋሼ፣ እርጅና ነው እንጂ። ብረቱን ለምን ይወቅሳሉ?»

«እጅህን አምጣ» አሉት። ዘረጋላቸው። በብርዱ ጠዋት የሁለት ጣቱ ጫፍ ነጥቶ ነበር። «አንተም አርጅተሃል» አሉት። ጎረምሳው እጁን ኪሱ ከተተ። አስወጣ አላስወጣ አላውቅም።

አሁን ትልቋን የምይዘው እኔ ነኝ። ትንሽ በሠራሁ ቁጥር አርፋለሁ፤ እጄን አሙቃለሁ፤ በየሳምንቱ ጎማዎቹን በካቻቢቴ ገፋ እያደረግሁ አያለሁ። ጋሽ ተሰማ ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ ያያሉ፤ ቆርጬ የማቆምበትን በጠመኔ ያሰምራሉ። ጠመኔውን በሙሉ መዳፋቸው ነው የሚይዙት። ደንበኞች መጀመሪያ ሲያዩኝ ይገረማሉ።

«የምትቆርጠው እሷ ናት? ወንድ የለም እንዴ?»

«አለ» ይላሉ ጋሽ ተሰማ። «ቁጭ ብሎ ያዛል።»

በቅርቡ ከቡራዩ በኩል አንድ ሰው መጣ። ዛፍ የመቁረጥ ሥራ ሊጀምር ነው፤ ስለ ትልቋ ሰምቷል፤ ከተሸጠች ሊገዛት ይፈልጋል። ዞራት፤ ጎንበስ ብሎ አያት። ሰማዩ ጠቁሮ ነፋስ ጀምሮ ነበር። እትዬ አልማዝ የጋሽ ተሰማን ካፖርት ይዘው ከኮንቴይነሩ ወጡ።

«ለስንት ዓመት ሠራችሁባት?» አለ ሰውዬው።

«ብዙ» አሉ ጋሽ ተሰማ። እትዬ አልማዝ ካፖርቱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው አንድ በአንድ እጅጌውን አለበሷቸው።

«በዚህ ሁሉ ጊዜ ተበላሽታ ታውቃለች?»

«አታውቅም።» ጋሽ ተሰማ አገጫቸውን ቀና አደረጉ፤ እትዬ አልማዝ የላይኛውን ቁልፍ ቆለፉላቸው፣ ቀጥለው ሁለተኛውን፣ ቀጥለው የታችኞቹን።

«እንዴት ያለች ጠንካራ ዕቃ ናት!» አለ ሰውዬው።

«ጠንካራ ናት» አሉ ጋሽ ተሰማ። «አትሸጥም። የትርንጎ ናት።»

ትርንጎ እኔ ነኝ። ሰውዬው ሌላ መጋዝ ለመግዛት ሄደ። ሳይርቅ ጠርቼ ለሱ የነገርኩትን ለእናንተም እነግራለሁ። በእጀታውና በሞተሩ መካከል ያለው ጎማ ሲያልቅ ጎማ ግዙ። እስኪመጣ ሥራ አቁሙ።